በፕላስተር የፈጠነች ከተማ

ስለ ስልሳዎቹ የሚያወሩ ሽማግሌዎችን አትመኑ። ሁሉም ያኔ ቀጭን ነበሩ፣ ሁሉም ዳንስ ያውቁ ነበር፣ ሁሉም የክለቡን ዘፋኝ ለትንሽ ነው ሳያገቧት የቀሩት። ቢቆጠሩ እሷ «ለትንሽ» ያመለጠቻቸው ወንዶች ክለቡ ውስጥ ከነበረው ወንበር ይበልጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ ቀጣፊዎች መሃል እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ሰባ ስምንት ነው።

ሰባ ስምንት ዕድሜው አይደለም፤ ዕድሜውማ ያንን ካለፈ ቆየ። የድሮዎቹ ወፋፍራም ሸክላዎች በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ ነበር የሚዞሩት፣ ኋላ የመጡት ትንንሾቹ ደግሞ አርባ አምስት። ሰውየው ሲያወራ ታዲያ በአሮጌው ሒሳብ ነው። «እንደምን አደርክ?» ስትለው፣ ደህና ብሎ፣ ስለ እናቱ ጉልበት ነግሮህ፣ ዝናቡን አማርሮ፣ ደህና ዋል ብሎህ ይሄዳል፤ አንተ እኮ ገና ለሰላምታ እጅህን አልዘረጋህም። አፉ ጦም አያድርም። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ የሰማው ሰፈር ከለመደው በኋላ ነበር፤ ሲሰማም «እኔ የት ነው የምፈጥነው? እናንተ ናችሁ የምትንዛዙት!» ብሎ ተቆጣ፣ ያውም በአንድ ትንፋሽ።

ያኔ በሙዚቃ ሸክላ ቤት ሻጭ ነበር። ሱቁ በጫማ ሰፊና በፎቶ ቤት መሃል የተሸጎጠ፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ የሚያዳምጥበት ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያ ድረስ ሸክላ ነው። ከኋላ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ጓዳ አለች፤ መጋረጃ ተሰቀለላትና «የማዳመጫ ክፍል» ተባለች። የባለሱቁ ግራ ጆሮ ጭራሽ አይሰማም፤ ቀኙ ደግሞ የሚሰማው ዋጋ ሲጠራ ብቻ ነው። «ለእኔ ሁሉም ድስት ሲወድቅ ነው፤ እናንተ ከወደዳችሁት ግዙት» ይል ነበር ሽማግሌው። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ለአንድ ከተማ ሙዚቃ ያቀርብ የነበረው።

በጓዳዋ ውስጥ ያለው የሸክላ ማጫወቻ ከባለሱቁ ጆሮ አይሻልም። ሸክላውን የሚያዞረው ጎማ አልቆ ስለሚንሸራተት፣ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተታል። ባለሱቁን «ጋሼ፣ ጎማ ይግዙ» ሲሉት ቀኝ ጆሮውም ደነቆረ። ሰባ ስምንት ምን ያድርግ? አውራ ጣቱ ላይ ካለው ቁስል ፕላስተሩን ልጦ የሞተሩ ዘንግ ላይ ጠመጠመው። ዘንጉ ሲወፍር ማሽኑ ፈጠነ። አዳመጠ፤ አሁንም የተኛ መሰለው። ከፋርማሲ አዲስ ፕላስተር ገዛና ጨመረበት። ደግሞ ጨመረ። ጆሮው ደስ ሲለው ተወው። የማን ጆሮ? የሰባ ስምንት! እሱን ፍጥነት አስተካክል ማለት ሆዳምን ድግስ አካፍል ማለት ነው።

ጣጣው በዚያች ጓዳ ቢቀር ምንም አልነበረም። ግን በከተማዋ ያሉ ባንዶች ዘፈን የሚያጠኑት እዚያው ነበር። ሸክላ መግዛት አቅም ይጠይቃል፤ ማዳመጥ ግን ነጻ ነው። ጊታሪስቱ ጊታሩን ታቅፎ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፣ ሳክስፎን ነፊው በመጋረጃው ሥር እግሩን ያወጣል፣ ሰባ ስምንት ደግሞ መርፌውን አንስቶ «የቷ ጋ ልመልሳት?» ይላል። የተባለችዋ ቦታ ላይ ትክክል ያስቀምጣታል፤ በዚህስ አይታማም። በሳምንቱ እሁድ ከሰዓት ዘፈኑ ክለብ ውስጥ ይዘፈናል፣ ቤልቦተም የለበሰና አፍሮ ያበጠረ ወጣት ሁሉ ሲዘል ይውላል። ቤታቸው ማጫወቻ ያላቸው ጥቂት ሀብታሞች ደግሞ «የእኛ ማሽን ምን ነክቶት ነው የሚያንቀላፋው?» እያሉ ተሸክመውት ይመጣሉ። ሰባ ስምንት ከፍቶ ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፕላስተር ይጠመጥምለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ከተማ በሙሉ ፈጠነ፤ አንድም ሰው አላወቀም።

አሁን ወደ ልጅቷ እንምጣ። ጉሮሮ ነበር የሚሏት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች፣ እሁድ ከሰዓት ክለብ ትዘፍናለች። ሐምሌም ይሁን ጥር አንገቷ ላይ ሻርፕ አለ፤ በኪሷ ማርና ዝንጅብል በትንሽ ጠርሙስ ትይዛለች፤ ሲያስነጥሱባት እንደተሰደበች ትቆጣለች። ድምፅ አላት፣ ያውም ምን የመሰለ! ግን አንድ ዘፈን አሸንፏታል። የሩቅ አገር ሰው ዘፍኖት ከተማውን ያሳበደ ሸክላ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፁን ወደ ላይ ወርውሮ እዚያው ሰቅሎ ያቆየዋል። እሷ እዚያ ስትደርስ ጉሮሮዋ እንደ አሮጌ አንሶላ ይቀደዳል። ሁለት ዓመት ሞክራዋለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጓዳዋ ስትገባ፣ ሰባ ስምንት መርፌውን የሚያስቀምጥላት በእጁ ይሁን በልቡ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን ደፈረና የሱቁ ደረጃ ላይ ሁሉንም ነገር ነገራት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከሚወልዷቸው ልጆች ድረስ።

«ምንም አልሰማሁም፤ ቀስ ብለህ ድገመው» አለችው።

«አግቢኝ!» አለ።

ጉሮሮ ጠርሙሷን አውጥታ አንድ ጉንጭ ጠጣች። «ስማኝ፤ አንተን አልጠላህም። ግን እየዘፈንኩ አላገባም። ባል ሲመጣ ምሳ ይመጣል፣ ምሳ ሲመጣ ልጅ ይመጣል፣ ከዚያ ለሕፃን እሹሩሩ እያልኩ ልሞት ነው። የሸክላው ባለቤት በመጪው እሁድ ክለባችን ሊዘፍን እንደሚመጣ ሰምተሃል አይደል? እኛ ነን የምንከፍትለት። የራሱን ዘፈን ፊቱ እዘፍነዋለሁ። ከወጣልኝ ዘፋኝ ነኝ፤ የትም ብሆን እዘፍናለሁ። ካልወጣልኝ ግን በቃኝ፤ ሻርፔን አውልቄ አገባሃለሁ። እምልልሃለሁ።»

ሌላ ወንድ ቢሆን «እኔ ማጽናኛ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይኮራ ነበር። ሰባ ስምንት ግን ኩራት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ዓመት ያልወጣ ድምፅ በአንድ ሳምንት አይወጣማ! እየተፍነከነከ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ «ሚስት አግኝቻለሁ» አላት። ማታም ተንበርክኮ፣ ያፈቀራት ልጅ ጉሮሮዋ እንዲዘጋ ፈጣሪን ለመነ። ፍቅር እንዲህም ነውረኛ ነው።

ረቡዕ ዕለት ጉድ ፈላ። ባለሱቁ እንግዳው ዘፋኝ ሲመጣ ገበያ ይደራል ብሎ፣ ለመስኮቱ ማሳያ የሚሆን አዲስ ማጫወቻ አስመጣ። ሰባ ስምንት ካርቶኑን ፈትቶ ያንኑ ሸክላ ጫነበት። ዘፋኙ እየተጎተተ ወጣ፤ ድምፁም ወፍራም። «ተሰብሮ ነው የመጣው! ጋሼ፣ አጭበርብረውዎታል! ይመለስ!» ብሎ ጮኸ። ባለሱቁ «ይመለስ» የሚለውን ሰማ፤ ከዋጋ ቀጥሎ የሚሰማት ቃል እሷ ነበረች። «በል አረጋግጥ፤ ዝም ብለህ አታናፋ» አለው።

ሰባ ስምንት በሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፈና የግድግዳውን ሰዓት እያየ ዙሩን ቆጠረ። አዲሱ ማሽን በደቂቃ አርባ አምስት ዞረ። ትክክል። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ አሮጌውን ቆጠረ። ሃምሳ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ደቂቃው አለቀ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። ባልዲው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሸክላ ሲፈጥን ድምፁም ወደ ላይ እንደሚወጣ ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ያ ሰማይ ላይ የተሰቀለው ድምፅ የሰው ድምፅ አልነበረም፤ የፕላስተር ድምፅ ነበር። ጉሮሮ ሁለት ዓመት ጉሮሮዋን የቀደደችው፣ ዘፋኙ ራሱ እንኳ ሊደርስበት የማይችለውን ልታወጣ ነው።

መጀመሪያ ሳቀ። ከተማው በሙሉ፣ ያ ሁሉ ጉረኛ ጊታሪስት፣ ያ ሁሉ ዳንሰኛ፣ በእሱ የቁስል ፕላስተር ሲዘል ኖሮ! ከዚያ መሳቁን ተወ። ካልነገራት ሚስቱ ነች። ከነገራት ይወጣላታል። ከወጣላት ደግሞ ሄደች።

ወደ ጉሮሮ ባንድ ድራመር ሮጠ። ድራመሩ እሁድ እሁድ ከበሮ የሚመታ፣ በሌላው ቀን ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ መዶሻ የሚሠራ ይመስል ነበር። ነገሩን ሲሰማ የያዘውን ከመነዳሪ፣ ቀዳዳ ይፈልግበት ከነበረው ውኃ ውስጥ ጣለው።

«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ስማ፤ በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ! እስከ እሁድ፣ እስከ እሁድ ብቻ አፍህን ዝጋ። ፈጣሪ እንዳንተ ላለው ለፍላፊ ሚስት ሰጥቶ አያውቅም፤ ተሳስቶ ነው የሰጠህ፣ አታስታውሰው።»

«ግን እኮ ውሸት ነው።»

«ማን ዋሸ? ፕላስተሩ ነው የዋሸው! አንተ ምን አገባህ?»

ሰባ ስምንት ይህን ምክር ወደደው። ሐሙስን ሙሉ አፉን ዘግቶ ዋለ። እናቱ ታመመብኝ ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው።

አርብ ከሰዓት ጉሮሮ መጣች። ሻርፗን አጥብቃ አስራለች። ጓዳ ገባች፣ ባልዲው ላይ ተቀመጠች፣ «መጨረሻውን ብቻ አጫውትልኝ» አለችው። እሱ መርፌውን አስቀመጠ። ሞከረች፤ ተቀደደ። «ድገመው።» ተቀደደ። ሦስተኛው ላይ ድምፅ የሚባል ነገር ሳይወጣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮ ታዲያ ሻርፗን ፈታችና ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«እሁድን ምን አስጠበቀኝ? በቃኝ» አለች። «ሰው ሁሉ ጎበዝ ሲለኝ አምኜ ነበር። ድምፅ የለኝም ለካ። ራሴን ሳሞኝ ነው የኖርኩት።» አለቀሰችም። የምታለቅሰው እንደ ሕፃን ነው፤ በአፍንጫዋም በዓይኗም።

ይኸው! የተመኘው ደረሰ። «አይዞሽ» ቢላትና ትከሻዋን ቢያቅፋት አልቆ ነበር። እጁንም ዘርግቷል። ግን «ድምፅ የለኝም» ያለችው ከጆሮው አልወጣ አለ። ልታገባው ነው፤ የምታገባው ግን ሞኝ ነበርኩ ብላ አምና ነው። ዕድሜ ልኳን ምሳ እያቀረበች ሞኝ ነበርኩ ልትል ነው። እሱ ደግሞ ማዶ ተቀምጦ እየጎረሰ እውነቱን ያውቃል።

«ተነሺ!» ብሎ ጮኸ። «ተነሺ፣ አንቺ የማትረቢ! ድምፅ የለኝም ትላለች እንዴ! ነይ ወደ ፊት!»

ክንዷን ይዞ ወደ መስኮቱ ጎተታትና ሸክላውን በአዲሱ ማሽን ላይ ጫነው። «አሁን ዝፈኚ።»

«ይሄማ ተኝቷል...»

«ይተኛ! አንቺ ዝፈኚ!»

ዘፈነች። ያቺ የተረገመች ቦታ ደረሰች። ጉሮሮ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን አውጥታ ለመቀደድ ተዘጋጀች። ድምፁ ግን ምንም ሳይነካው ወጣ። ወጥቶም ቆመ። ዘፋኙ ከጨረሰ በኋላ እሷ ገና እዚያው ነበረች፤ ከእሱም አልፋ አንድ እርከን ወጣች። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ይዞ በሩ ላይ መጣ። ባለሱቁ በቀኝ ጆሮው ዞሮ «ስንት ነው?» አለ።

ሰባ ስምንት ስለ ፕላስተሩ ነገራት። ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ ቀስ እንዲል። ከዚያ በጥፊ አጮለችው። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ማርና ዝንጅብል! ጨጓራዬን ጨረስከው እኮ!» አለችና፣ በዚያው እጇ አንገቱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ከጉልበቷ የወደቀውን ሻርፗን ጓዳው ውስጥ ረስታ ወደ ባንዱ ሮጠች። እሱ ጉንጩን ይዞ ቀረ። ደስ ብሎት ነበር። «ሞቼ ነው ቆሜ» ያለውም በዚያው ቅጽበት ነው።

እሁድ ክለቡ ጢም ብሎ ሞላ። ባንዱ ቅዳሜን ሙሉ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ሲያጠና ዋለ፤ ጊታሪስቱ «ጣቴ አልለመደም» እያለ አኩርፎ፣ ጎሚስታው ደግሞ ሰባ ስምንትን ባየ ቁጥር «አንተ የማትረባ» እያለ። ዘፈኑ ሲጀመር ዳንሰኛው ተደናገረ። እግሩ የለመደው ሌላ ነው፤ ቀድሞ ይደርስና ዘፈኑን ይጠብቃል። አንዱ የአንዱን ጫማ ረገጠ። «ተኛችሁ እንዴ?» «ቁርስ አልበላችሁም?» የሚል ጩኸት በረከተ። ከዚያ ጉሮሮ ያቺ ቦታ ደረሰች። ሚኒ ለባሹም አፍሮ አበጣሪውም አፉን ከፍቶ ቀረ። ሲያልቅ ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

የሚያስቀው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዳው ዘፋኝ ራሱ መድረክ ወጣና የገዛ ዘፈኑን በገዛ ፍጥነቱ ዘፈነ። ከተማዋ አላወቀችውም። «ይሄ ሰውዬ የእሷን ዘፈን ነው እንዴ የሚዘፍነው?» «አይችለውም እኮ!» «ፍጠን፣ አባቴ!» እያሉ አዋከቡት። አንዱ ደፋር ፊት ለፊቱ ቆሞ እንዴት መዘፈን እንዳለበት በጭብጨባ አሳየው። ምስኪኑ ሰውዬ ላቡን እየጠረገ ጨረሰ፤ ወርዶም በአስተርጓሚ «ምን በድያቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎ «ያቺ ልጅ ማነች?» አለ።

አብራው እየዞረች እንድትዘፍንም ጠየቃት። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡሱ ሊነሳ ሆነ። ጉሮሮ ሻንጣዋን ለሰባ ስምንት አሸክማው መጣች፤ አክስቷ ከኋላ እያለቀሰችም እየተራገመችም ትከተላለች። መወጣጫው ላይ ቆመችና ዞረች።

«እንደምሄድ ታውቅ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?»

«ታዲያማ ምን ላድርግ?» አለ ሰባ ስምንት። «ሻጭ ነኝ እኮ። በተጭበረበረ ሚዛን የገዛሁትን ሰው ቤቴ አስቀምጬ እንዴት እተኛለሁ?»

ጉሮሮ መሐረቡን ከደረት ኪሱ መዝዛ በጣም ጮክ አድርጋ ተናፈጠችበት፤ ይዛውም ሄደች። እሱ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ እዚያው ቆሞ ነበር። ልቡ ተሰብሯል፤ ይህን ማሳመር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ክለብ መሄዱን አልተወም፤ ሌላ የት ይሂድ? በሩ ላይ በአንዲት ጠባብ መስኮት ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ ሴት ነበረች። መስኮቷ ዝቅ ያለች ስለሆነች የሰው ፊት አታይም፤ የምታየው እጅ ብቻ ነው። የእሱን እጅ በጣቱ ፕላስተር ታውቀዋለች። በየሳምንቱ ሁለት ትኬት ይገዛል፣ ብቻውን ይገባል።

አንድ ቀን ከመስኮቱ ውስጥ «ሁለተኛው ለማን ነው?» አለችው።

«ለልማዴ።»

«ልማድህ ይደንሳል?»

«አይደንስም። ግድግዳ ተደግፎ ያኮርፋል።»

ሴትዮዋ መስኮቷን ዘጋች፣ ኮቷን ለበሰች፣ በጎን በር ወጣችና እጇን ዘረጋች። «እንግዲያው ሁለተኛውን ለእኔ ስጠኝ» አለችው። በዓመቱ ተጋቡ። ቁመቷ እስከ ትከሻው ነው፤ ምላሷ ግን ከእሱም ይረዝማል። አራት ልጆች ወለዱ፣ ሁሉም ለፍላፊዎች።

ሸክላ ቤቱ ካሴት ቤት ሆነ፣ ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት፤ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ባለሱቁ «ዋጋው ስንት ነው?» እያለ ሞተ። ጉሮሮ ግን ትልቅ ዘፋኝ ሆነች። ሸክላዎቿ ሲመጡ ሰባ ስምንት ነበር የሚሸጣቸው፤ ገዢው «ትችላለች እንዴ?» ሲለው «ጆሮ ካለህ ውሰድ፤ ከሌለህ ለባለሱቁ ተውለት» ይል ነበር።

አሁንም እሁድ ከሰዓት ሬዲዮ ላይ የድሮ ዘፈን ሲለቀቅ የጉሮሮ ድምፅ ይመጣል። በዘፈነች ቁጥር ሰባ ስምንት ተነስቶ የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዕድሜ ልኩን። ባለፈው ታላቋ ልጁ ይህንን አየችና «አባዬ፣ እውነት ግን አይጸጽትህም?» አለችው።

«እንዴት አይጸጽተኝም? ድንጋይ ነኝ?» አለ። «ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ይጸጽተኛል። ቁርስ ስበላ ይለቀኛል።»

ሚስቱ ከጓዳ ሰማች። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣችና ሬዲዮው አጠገብ ቆመች።

«ቆይ አንተ፤ ይህን ያህል ዓመት ለምንድን ነው የምትቀንሰው?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።»

«እንዳይከፋኝ? እኔን? አንተ ሽማግሌ፣ በስተርጅና ደነቆርክ እንዴ?» ወገቧን ያዘች። «ያን ቀን አፍህን ዘግተህ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ወንበር የእሷ ነበር። ይህቺም ልጅ አትኖርም፤ ሦስቱም ወንድሞቿ አይኖሩም። እኔም እዚያ መስኮት ውስጥ የሰው እጅ እያየሁ አረጅ ነበር። ሁልጊዜ ስታወራው አንተና እሷ ብቻ ናችሁ። እኔስ? ዕድሌን የወሰንክልኝ እኮ ያን ቀን ነው፤ እኔን ሳታውቀኝ። እሷ ባንተ አፍ ዘፈን አገኘች፤ እኔ ቤት አገኘሁ። ምን ይከፋኛል?»

ሰባ ስምንት ቀና ብሎ አያት። ሃምሳ ዓመት ያንን አርብ ሲያመነዥግ ኖሯል። ሚስቱ እዚያ ውስጥ መኖሯን አንድም ቀን አላሰበም ነበር። ዓይኑ ሞላ፤ ልጁ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችለት።

«በል አታልቅስ፤ ስታለቅስ ደግሞ አያምርብህም» አለችው ሚስቱ። ከዚያ የሬዲዮውን ድምፅ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከፍ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።